መንገድ ካልተዘጋጋ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው የሚያስረው ሰዓት ከእኛ ሰዓት ይለያል። «አይርቅህም?» ስትሉት ሳያቅማማ «ኧረ ሃያ ደቂቃ ነው!» ይላችኋል። ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጨምራል፤ «መንገድ ካልተዘጋጋ።»

ለገጣፎ ያለውም ሃያ ደቂቃ ነው። ሰበታ ያለውም ሃያ ደቂቃ ነው። ሱሉልታም፣ ቡራዩም፣ ገላንም ሃያ ደቂቃ ናቸው። የዱከሙ ብቻ ትንሽ ይሉኝታ ስላለው «ሃያ አምስት» ይላል። የቢሾፍቱው ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማን የክፍያ መንገድ ከአባቱ የወረሰው ይመስል፣ «ክፍያ መንገዱ ላይ ከወጣሁ በኋላ እኮ…» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርስ ያለው ትንቅንቅ ሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ውሸታሞች ናቸው አልልም። አንድ ቀን፣ ምናልባት የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ እውነትም በሃያ ደቂቃ ገብተው ይሆናል። ሰው ቤቱን የሚለካው ቤቱ በጣም በቀረበበት ቀን ነው።

ደላላ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። የእሱ ደቂቃ የሚቆጠረው «ከአስፋልቱ» ነው። «ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ በእግር» ያላችሁን ቦታ በጥር ፀሐይ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ስታዩት ልክ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ያቺው አምስት ደቂቃ ቦቲ ጫማ ትጠይቃለች። ጭቃው አንዱን እግር የሚለቀው ሌላውን ከያዘ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምከታተለው ሥራ ፈትቼ አይደለም። የአከራያችን የእትዬ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ወሬ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ጭማሪው ከተከፈለ ልጁ ቲኬቱን ያራዝማል፤ ካልተከፈለ ዛሬ ማታ ቦሌ ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ የእናትን ናፍቆት የሚገድብ አንቀጽ ግን የለውም።

ስለዚህ ከእራት በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚነሣው ወሬ አንድ ሆኗል። ባለቤቴ «ስንዳፋ» ትላለች። እኔ «መንዝ» እላለሁ። ስንዳፋ ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መንዝ፣ የአባቴ አገር፣ ከደብረ ብርሃን ማዶ ነው። ደግነቱ ሁለቱም ያሉት በአንድ መንገድ ላይ ነው። በአቅጣጫው ተስማምተናል፤ የምንጨቃጨቀው የቱ ጋ «ወራጅ አለ» እንበል በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ከዋና ከተማ ወጣ ብሎ የመኖር ሐሳብ እኛ አልጀመርነውም። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋ ጓዟን ልትጭን ስትል ባሕር ዛፍ ደረሰላት። ምኒልክም አዲስ አበባ ቀሩ፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለማርያም ሆነ። ባሕር ዛፍ ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ የእኔ መሥሪያ ቤት አዲስ ዓለም ላይ ሆኖ፣ ፒያሳ ቤት የሠራ ሰው «ኧረ ሃያ ደቂቃ ነው» እያለ ይምል ነበር።

ልዩነቱ፣ ንጉሥ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱም ሠራዊቱም ይከተለዋል። የሒሳብ ሠራተኛ ሲወጣ ማንም አይከተለውም።

የሒሳብ ሠራተኛ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከእኔ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር አልፎ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ፣ ወደ ስንዳፋ በሚወስደው መንገድ ቤት ሠርቶ ለምርቃት ጠራን። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ ብርድ ልብስና የብርጭቆ ደርዘን ተሸክመን ሄድን። ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አልናገርም፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።

ገና ከመኪና ሳንወርድ አየር ቀረበልን። «አየሩን ታዩልኛላችሁ?» አለን። ሁላችንም ደረታችንን ነፍተን ሳብን። «ወይ አየር!» «ይህን አየር እየሳበማ ሰው አያረጅም!» «እኛ እኮ እዚያ የምንስበው ጭስ ነው!» እውነትም ደግ አየር ነበር፤ ከጎረቤት የመጣ የእበት ሽታ ብጤ ጣል ጣል ያለበት።

ከአየሩ ቀጥሎ ጎመን ታየ። ሁለት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ቆስጣ፣ ጥግ ላይ ጌሾ። ከዚያ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ከነባሕርያቸው ተዋወቁን። ባለቤቴ ከባልደረባዬ ሚስት ጋር ጎመኑ መሀል ቆመው አንገት ለአንገት ገጥመው ሲንሾካሾኩ አየሁ። የዘር ዋጋ የሚነጋገሩ መስሎኝ አለፍኩ።

ሰውየውን ግን በደንብ ስለማውቀው አየሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። ከቤቱ የሚወጣው ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚገባው ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያን የመሰለ አየር የሚስበው ተኝቶ፣ ያውም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው። ጎመኑን በፀሐይ የሚያየው እሑድ እሑድ ነው። የገዛ ውሻው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይጮህበት ነበር፤ ዘበኛው ነው ገብቶ ያስታረቃቸው።

ሰፈሩ ውስጥ ጅብ አለ። ጅቡ ከሥራ ሲወጣ እሱ ወደ ሥራ ሲገባ አንድ መንታ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። «አትፈራም?» ብለው፣ «ተላምደናል። እሱም ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ» አለኝ።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በዚያ በኩል አያት ላይ ያበቃል። ባልደረባዬ እሱ ጋ ሳይደርስ መቆሙን በግሉ ነው የያዘው። ማታ ማታ ሚኒባሶቹ መንገዱን ያቆራርጡታል፤ ከመገናኛ አያት አንድ ሒሳብ፣ ከአያት ጣፎ ሌላ ሒሳብ፣ ከጣፎ ወዲያ ደግሞ ረዳቱ ፊታችሁን አይቶ የሚቆርጠው ሒሳብ። ውኃውም እንደዚሁ ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ፣ ለገዳዲ፣ ጎረቤቱ ነው። ውኃው ወደ ከተማ ሲወርድ በአጠገቡ ያልፋል፤ እሱ ግን በአህያ ጋሪ የሚመጣ ቢጫ ጀሪካን ይጠብቃል። ምሽት ላይ ተመልሶ ቧንቧውን ሲከፍት ከውስጡ የሚወጣው ያ ዝነኛ አየር ነው።

ቢሮ የሚደርሰው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከወጣ መንገዱ አያስገባውማ። በር የሚከፍተው እሱ ነው። ከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን አጣጥፎ፣ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይተኛል። ባለፈው ዓመት «ቀድሞ በመግባት አርአያ» ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ሲቀበል የተነሣው ፎቶ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል።

ጎረቤቶቹን የሚያውቃቸው በታክሲ ሰልፍ ነው፤ ያውም በጀርባቸው። ሰማያዊ ጃኬት፣ ጥቁር ነጠላ፣ ትከሻው ወደ ግራ ያዘነበለው ሰውዬ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከአንዱ ጋር ፊት ለፊት ተጋጭተው አልተዋወቁም። ይቅርታ ተባብለው ዘወር ሲሉ ነው «አንተ ነህ እንዴ!» የተባባሉት።

በምርቃቱ ቀን፣ ሁሉም ጠግቦ አየሩን ሲያመሰግን፣ ባለቤቴ ድንገት ባልደረባዬን «ለመሆኑ ዕድርህ የት ነው?» አለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚኖርበትን ቦታ በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ ቤቱን ሳይሆን ዕድሩን ጠይቁ። ቤት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይፈርሳል። ዕድር ግን መቼ ጡሩምባ እንደሚነፋልህ የሚያውቅ፣ ድንኳኑን የሚተክል፣ አግዳሚውን የሚደረድር፣ ድስቱን ቆጥሮ አውጥቶ ቆጥሮ የሚያስገባ መንግሥት ነው።

«የድሮ ሰፈሬ፣ ጉለሌ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንግዲህ አስቡት። ከሳምንቱ አንድ ቀን አየሩን ነቅቶ ሊስብ ይችላል። ከእነዚያ ቀኖች አንዷ ደግሞ፣ በወር የምትመጣው፣ የዕድር ስብሰባ ናት። ቢቀር ይቀጣል። ስለዚህ ያቺን እሑድ ተነሥቶ ወደሸሸው ከተማ ይመለሳል። የዕድሩ አባል ሞቶ ቀብር ላይ ቢቀር ስሙ በቀይ ይጻፋል፤ ጡሩምባው ጉለሌ ተነፍቶ ለገጣፎ እንዴት ይሰማል? በስልክ ይደወልለታል፤ ስልኩ ደግሞ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለውም። እሱ ራሱ የሞተ ዕለት፣ አፈር ይብላኝና፣ ድንኳኑ በአይሱዙ ተጭኖ፣ አግዳሚው ተጭኖ፣ ድስቱ ተጭኖ ሃያ ደቂቃ ይጓዛል። መንገድ ካልተዘጋጋ።

«ታዲያ እዚህ አዲስ ዕድር አታቋቁሙም?» አለችው ባለቤቴ።

«ማን ከማን ጋር? በቀን እኮ እዚህ ሰው የለም።»

አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ጎረቤቱ ቤቱ ውስጥ ሲውል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። ባልደረባዬ ሁለቱንም ባላዎች ተክሏል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በመሀላቸው መንጠልጠል ነው።

ወደ እኔ ምርጫ ልምጣ። መንዝ ሩቅ አይደለም፤ በዚያው መንገድ ዝም ብሎ መቀጠል ነው። ስንዳፋን አልፋችሁ ሸኖ ላይ የለጋ ቅቤ ሽታ ይቀበላችኋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሹራብ ትደርባላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ካስቆፈረው ዋሻ ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነፋስና ገብስ ነው። «አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እንኳ ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ መንዝ ኖሯል፤ ስለዚያው አገር <ሰምና ወርቅ> የሚል መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል» አልኳት ለባለቤቴ።

«ጽፎ ተመልሷል» አለችኝ።

ጥር ላይ፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ይዣት ሄድኩ። አጎቴ ደጃፍ ላይ ጠበቁን። በግ ታረደ። የገብስ ጠላ ቀረበ። ማታ ባና ተደረበልን፤ የመንዝ ባና ከለበሱት በኋላ መገላበጥ የለም፣ ያጋደሙበት ጎን ላይ ማደር ነው። ሲነጋ መንደሩ በሙሉ ሻንጣችን ውስጥ ስንት ኪሎ ስኳርና ስንት ኪሎ ቡና እንደነበረ ያውቅ ነበር። ባልደረባዬ ሰፈር ብትሞት የሚያውቅ የለም። እዚህ ደግሞ ማስነጠስ ከተጀመረ ጤናዳም ይዞ የማይመጣ የለም።

«የአያትህን ቦታ ላሳይህ» አሉኝ አጎቴ።

«ይርቃል?»

«ምን ይርቃል! እችው ናት፣ ከዚች ጉብታ ጀርባ።»

የገጠር ሰው ደቂቃ አይቆጥርም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጉብታ ይቆጥራል። ያቺን ጉብታ ወጣን፤ ከኋላዋ ሌላ ነበረች። «እችው ናት» አሉ። ሸለቆ ወረድን፣ ወንዝ ተሻገርን፣ ወጣን። «ደረስን እኮ።» እኔ በስፖርት ጫማዬ ምላሴ ወጥቶ፣ እሳቸው ሰባ ዓመት አልፏቸው በላስቲክ ጫማ ከፊት ከፊት፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ የእህል ዋጋ ይጠይቁኛል። «ደከመህ እንዴ? ገና ከቤት መውጣታችን እኮ ነው!» አጎቴንና ያን ደላላ አንድ ቀን ባገናኛቸው፣ ስለ ርቀት በደንብ ይግባቡ ነበር።

የአያቴ ቦታ የሚባለው አንድ የግራር ዛፍና የድንጋይ ክምር ነው። አየሩ ግን! ሳብኩት። አጎቴ ምን ሆንክ ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መንዝ ላይ የሚያስቀናኝ አየሩ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። አጎቴ በ5 አቦ ነው ብለው በሬ አይጠምዱም። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድን እናንተ ጨምሩበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የእኔ ብጤ ተቀጣሪ የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ነው የሚጀምረው። እሳቸው ይህን ያህል ፈቃድ ሁለት ወር አያቆዩትም፤ ያውም ቅጽ ሳይሞሉ፣ አለቃ ሳያስፈርሙ።

ይህን ግኝቴን ለባለቤቴ ስነግራት ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ላይ እንስራ ተሸክማ የምትወጣውን የአጎቴን ሚስት በአገጯ አሳየችኝ። «ዛሬ ማርያም አይደለች እንዴ? ለሴት አትከበርም?»

መልስ አልነበረኝም። አጎቴም እንደሆኑ በበዓል ቀን ቁጭ አይሉም። አጥር ይጠግናሉ፣ ሽምግልና ይቀመጣሉ፣ የጠፋ በግ ይፈልጋሉ። ሞፈር አይነኩም እንጂ መድከሙስ አልቀረም።

በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ምድጃው ዙሪያ ተሰብስበን፣ ሆድ በጠላ ሞቆ፣ «እዚሁ መጥቼ ብኖርስ?» አልኩ።

የአጎቴ ልጅ፣ ታላቁ፣ አራሹ፣ እሳት መቆስቆሱን አቆመ። ሚስቱ ልጇን ወደ ጡቷ ሳብ አደረገች። የአጎቴ ሚስት ሳል ሳል አሉ። እኔ ያልኩት «አንዲት ጎጆ ቀልሼ» ነው። እነሱ የሰሙት «ድርሻዬ» የሚለውን ነው። ከእኛ ከተሜዎች መሀል «አባቴ አገር መሬት አለኝ» የማይል የለም። ላም አለኝ በሰማይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬው ያለው አርሶ የመጠቀም መብት ነው። የሚያርሰው ደግሞ እዚያ ያለው ነው። የአጎቴ ልጅ ተነሣ፣ ከሣጥን በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ደብተር አወጣ፣ ምንም ሳይናገር ከጎኑ አስቀመጠና እሳቱን መቆስቆስ ቀጠለ።

እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል። እኔ ከወርቅ ወደ ብረት የወረድኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በማግስቱ ሽሮ ቀረበ። ክፋት የለውም፣ ግሩም ሽሮ ነበር፤ ግን የበጉ ግማሽ ገና ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ እንደነበር አይቻለሁ።

«ጡረታ ስወጣ ማለቴ ነው፣ እንዲያው ለነገሩ» እያልኩ ሳስተባብል አጎቴ ዱላቸውን አነሡና፣ «ና እስቲ፣ ውጭ ነፋስ እንቀበል» አሉኝ። ከቤቱ ራቅ ካልን በኋላ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ መሬቱ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«አንተ ልጅ፣ ስንዳፋ ላይ ካሬው ስንት ገባ?»

«ምን አሉኝ?»

«ካሬው! አስፋልት ዳር ያለውን አልጠይቅህም፤ ገባ ብሎ።»

እንግዲህ አጎቴ ብዙ ያውቃሉ። ሁለተኛው ልጃቸው በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ገብቶ ልብስ ይሰፋል። በእሱ ስልክ የመሬት ዋጋ ይሰማሉ። ካርታ ያለውና የሌለው ምን ያህል እንደሚበላለጥ፣ የጨረቃ ቤት የሚባለው ምን ዓይነት ጣጣ እንዳለው፣ ሁሉን ያውቃሉ። ያ ደላላ ለእኔ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

«ምን ሊያደርግልዎ ነው?»

ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ብርዱ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ጤና ኬላዋ ለክትባትና ለራስ ምታት ደግ ናት፤ ለጉልበት ግን «ደብረ ብርሃን ሂዱ» ነው መልሷ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። አራሹም ቢሆን፣ ያ ደብተር ይዞ የተኮሳተረው፣ ለልጆቹ ትምህርት ሲል ዐይኑ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ነው። «ሐኪም ቤት የቀረበው፣ ቧንቧ ያለው፣ ሲሻኝ ደግሞ ጎመን የምኮተኩትበት፤ ዶሮ ቢጤ» አሉኝ። ባልደረባዬ ራሱ ምርቃቱ ላይ ከተናገረው ንግግር አንድ ቃል አልጎደለውም። «ቤተ ክርስቲያኑም ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ ነው አሉ።»

በመልስ መንገድ ስንዳፋን ስናልፍ ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እኔ የማልመውን ጎጆ አጎቴ ሊጥሉት እየተዘጋጁ ነው፤ እሷ የምትመኘውን ግቢ ባልደረባዬ ተኝቶ ነው የሚኖርበት። አከራያችን እትዬ በር ላይ ጠብቀው በፈገግታ ተቀበሉን። ልጃቸው የሚመጣው ለፋሲካ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ አጎቴ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ባለቤቴ ናት። የጤና ጥያቄው እንደ አገሩ ወግ የሰው፣ የከብት፣ የጎረቤት እየተባለ ተዳረሰ። ከዚያ እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆየት ብዬ ሳዳምጥ ጉዳዩ አልቆ፣ ተበጥሮ፣ ወደ ዝርዝሩ ገብተዋል። ቦታው በዕቁብ ገንዘብ ይያዛል። አጎቴና ሚስታቸው ገብተው ይቀመጡበታል፤ ጎመኑን ይኮተኩታሉ፣ ዶሮ ያረባሉ፣ ቀን ቀን ሰው ይኖርበታል፣ ውሻውም ሰው ይለምዳል። እኛ ለጊዜው እዚሁ እንከራያለን። እሑድ እሑድ ሄደን አየር እንስባለን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉ» ትላለች።

እኔ የማናገረው የለም። መንዝ ስንዳፋ ሊገባ ነው፣ እኔ ደግሞ እትዬ ግቢ ልቀር ነው።

ከስልኩ ውስጥ የአጎቴ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ እሳቸው ለሩቅ አገር በርቀቱ ልክ ነው የሚጮሁት። «አንድ ነገር ብቻ ልጄ! መሞቻዬስ እዚሁ አባቶቼ አጥንት ነው። ግን ድንገት እዚያ እያለሁ ቢቀድመኝ… ለመሆኑ ዕድር አለ ወይ?»

እኔ ቀድሜ «የለም» ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት አወጣች። የመመዝገቢያ ደረሰኝ። የእኔ ስም፣ የእሷ ስም፣ ከሥር «ሁለት አረጋውያን ጥገኞች»። ለካ ያን ዕለት ጎመኑ መሀል የተንሾካሾኩት ስለ ዘር አልነበረም። የባልደረባዬ ሚስት ቀን ቀን ቤት የሚውሉትን ሴቶች ሰብስባ፣ ባሎቻቸው አየር እየሳቡ በተኙበት ዕድሩን አቋቁመዋል።

«አለ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ድንኳኑም አዲስ ነው፤ እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም።»